ቦራ ያልሰጠችው ደም

«ልክ ነኝ አይደል፣ ፈናን?»

ፈናን የወተቱን ጆግ በሁለት እጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ለእሷ ግን ሁለቱም ቀላል አልነበሩም።

ቲቸር ፅዮን አልጋዋ ላይ ሁለት ትራስ ደርባ ተደግፋለች። መጋቢት ገብቷል፤ የበልጉ ካፊያ ከጭላሎ ተራራ በኩል ብርዱን ይዞ መጥቶ ሰው ሁሉ ጋቢ በጋቢ ሆኗል። እሷ ግን አንገቷ ሥር ላብ ችፍ ብሏል። ትናንት አሰላ ሄዳ ሐኪም አይታ መምጣቷ ነው።

«ትኩሳቱ ተወኝ ስል ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ማንም አልገባውም» አለች። «መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ብለው አከሙኝ። ቀጥሎ ወባ አሉኝ፤ በዚህ ብርድ ወባ። የትናንቱ ሐኪም ደግሞ ‹ጥሬ ወተት ትጠጪያለሽ ወይ?› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹ከየት?› አለኝ። ከአከራዮቼ ቤት ነው፤ ላሞቻቸው በኅዳር ተመርምረዋል፣ ነጻ ናቸው፣ ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩት። ያን ጊዜ ካርዱ ላይ የጻፈውን ሰረዘው። ልክ ነኝ አይደል?»

«ወተቱን የት ላስቀምጠው፣ ቲቸር?» አለች ፈናን።

ቲቸር ፅዮን ለአፍታ ትኩር ብላ አየቻትና «እዚያው ጠረጴዛው ላይ» አለች። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ግዛቸው ይመጣል። ሆሳዕና ይወስደኛል፣ እናቴ ጋ። እዚያ ደግሞ እንደገና ከሀ ብለው ይጀምሩኛል» አለች።

ግዛቸው ባሏ ነው። ፈናን ጆጉን አስቀምጣ ወጣች። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

የቲቸር ፅዮን ክፍል ከግቢው በር ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ናት። መምህርቷ ከሆሳዕና ተመድባ ባለፈው መስከረም ስትመጣ፣ የፈናን አያት ወርቅቱ ክፍሏን አከራዩአት። ፈናን አያቷን የምትጠራቸው በኦሮምኛ «አኮ» እያለች ነው። አኮና ፈናን ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር ሦስተኛ ሰው ግቢው ውስጥ መግባቱ ሁለቱንም ደስ አሰኛቸው። ቲቸር ማታ ማታ በእጅ ስልኳ መዝሙር ስትከፍት ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። የቲቸር እርግዝና መታየት ሲጀምር ደግሞ አኮ ራሳቸው እንደ አዲስ እናት ሆኑ። «ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አትቀመጪ በያት። ባልዲ አታንሺ በያት። የዚያ ሰፈር ውሻ ደግሞ ሰው ይከተላል፣ በዚያ አትሂጂ በያት» እያሉ ፈናንን ሲያመላልሷት ይውላሉ።

አሁን ሆዷ ባዶ ነው። በየካቲት፣ በአምስተኛው ወሯ፣ በባጃጅ አሰላ ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ከባጃጁ ስትወርድ ማንም ምንም አልጠየቃትም። አኮ ብቻ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ደረቡላትና እጇን ይዘው አስገቧት። መዝሙሩም ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

*

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው።

ያን ሰሞን ይስሃቅ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ወደ ቀበሌው መጣ። ለሁለተኛ ዲግሪው፣ ከብትና ሰው የሚጋሩትን በሽታ ነበር የሚያጠናው። ቲቸር ፅዮን የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ ናትና «እባክህ ለልጆቼ አንድ ፔሬድ» ብላ ለመነችው። ሁለት ብልቃጥ ይዞ ክፍል ገባ። በአንደኛው ውስጥ የላም ጉበት ቁራጭ አለ፤ ጉበቱ ላይ ጠፍጣፋ ቅጠል የሚመስሉ ትሎች ተጣብቀዋል። በሁለተኛው ከበግ ሳንባ የወጣ፣ ውኃ የሞላው፣ እንቁላል የሚያህል ነጭ ከረጢት ተንሳፍፏል።

«ይኼኛው የጉበት ትል ነው፤ ረግረግ ላይ ከበቀለ ሣር ጋር ይገባል» አለ ይስሃቅ። «ይኼኛው የሚመጣው ከውሻ ነው። በግ ስታርዱ የተበላሸውን ሳንባ ለውሻችሁ ትወረውራላችሁ። ውሻው ይበላል። እናንተ ደግሞ ውሻውን ስትደባብሱ ቆይታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ምሳችሁን ትበላላችሁ።»

«በቃ፣ እኔና ውሻችን ከዛሬ ጀምሮ ተፋተናል» አለች ሄኒ ከኋላ ወንበር። ሄኒ የፈናን የልብ ጓደኛ ናት፤ አፏን የምትከድንበት ፔሬድ የለም። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ይስሃቅ አብሯቸው ሳቀና ብልቃጦቹን ገፋ አደረገ። «እነዚህስ በዓይን ይታያሉ። እኔ አሁን የምፈልገው ግን በዓይን የማይታየውን ነው። ላምን ጽንሷን ያስጥላታል። በወተቷና በእንግዴ ልጇ በኩል ሰው ጋ ይመጣል። ሰውየው ሲያልበው፣ ሲያተኩሰው፣ ወገቡንና መገጣጠሚያውን ሲቆርጠው ይከርማል፤ ለሐኪምም ቶሎ አይታወቅም፣ ሌላ በሽታ ይመስለዋል።»

ልጆቹ ይስሃቅን ወዲያው «ዶክተር ጅራት» የሚል ስም አወጡለት፤ ደሙን የሚቀዳው የላሟን ጅራት ቀና አድርጎ ከሥሩ ነዋ። ስሙን ሲሰማ አልተቆጣም።

አንድ ችግር ነበረበት። ይስሃቅ ኦሮምኛ አይችልም። የሚያስተረጉምለት ሀሰኖ የሚባለው የቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር፤ ያን ሳምንት ግን ሀሰኖ ለክትባት ወደ ጢቾ ሄደ። ያን ጊዜ ቲቸር ፅዮን ያለ ማመንታት «ፈናንን ውሰዳት» አለችው። «ከክፍሉ አንደኛ ናት። ያሏትን አንድም ሳታጎድል ነው የምትነግርህ።»

ፈናንን ያን ዕለት ኩራት ሽቅብ አንሳፈፋት። የይስሃቅን የቅፅ ሰሌዳ ተቀብላ፣ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ አሥራ አንድ ቤት አንኳኳች። አሥራ አንድ ቤት ሙሉ አንድ ቃል አላጎደለችም። ጥያቄዎቹን በቃሏ ያዘቻቸው። ስንት ላም አላችሁ? ወተቱን ታፈሉታላችሁ ወይ? ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ጽንስ የጣለች ላም አለች ወይ? የጣለች ካለች የእሷ ደም ይቀዳል፤ ከሌለች ከቤቱ አንዷ ላም ብቻ ትበቃለች። ጥናቱ የሚሠራው እንደዚያ ነበር።

አሥራ አንደኛው ቤት የጎረቤታቸው የሀጂራ ነበር። ሀጂራ ላሟ ሁለት ጊዜ እንደጣለችባት ተናገረችና፣ ደሙ ተቀድቶ ሲያበቃ፣ «በሽታው ቢገኝባት ምን ትሆናለች በይው» አለች።

«ከሌሎቹ ትለያለች። ወተቷ አይጠጣም» አለ ይስሃቅ። «መጨረሻዋ መወገድ ነው።»

«መወገድ ማለት?» አለች ፈናን። ይኼንን የጠየቀችው ለሀጂራ አልነበረም፤ ለራሷ ነው።

ይስሃቅ ብልቃጡ ላይ ቁጥር እየጻፈ ነበርና ቀና አላለም። «መታረድ ነዋ። ሌላ ምን መላ አለው።»

አሥራ ሁለተኛው ቤት የራሷ ቤት ነበር።

አኮ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቋቸው። ሁለት ላም አላቸው፣ ዳማና ቦራ። ዳማ የአኮ ናት። ቦራ ግን የፈናን ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት አላት። የፈናን እናት ሌላ ባል አግብታ ወደ አቦምሳ ስትሄድ፣ ፈናን የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ቀን እናቷ የጥጃይቱን ገመድ እጇ ላይ አስይዛት፣ «ይቺ የአንቺ ናት፤ ወተቷን ስትጠጪ እኔ እዚህ እንዳለሁ ቁጠሪው» አለቻት። እናቷ ከዚያ ወዲህ የመጣችው ሁለት ጊዜ ነው። ቦራ ግን በየቀኑ አለች።

ፈናን ጥያቄውን ጠየቀች፤ አኮም እንደ ልማዳቸው ዘርዝረው መለሱ። «አለች እንጂ፣ ቦራ ናት። በነሐሴ፣ ዝናቡ እንደዚያ ሲወርድ፣ የሰባት ወር ጽንስ ጣለችብኝ። የእንግዴ ልጁም አልወጣ ብሎ እኔው በእጄ ጎትቼ አወጣሁላት። ከዚያ ወዲህ ወገቤን አልቻልኩም፣ ያልበኛል፤ መድኃኒት ካለው ጠይቂልኝ።»

ይስሃቅ እስክሪብቶውን ቅፁ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ፈናን ቦራን አየቻት። ቦራ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ምንም ሳታውቅ፣ ገለባ ታመነዥካለች።

«የጣለች የለችም ይላሉ» አለች።

«ይኼን ሁሉ ተናግረው?» ይስሃቅ ፈገግ አለ።

«ስለ ዝናቡ ነው የሚያወሩት።»

«እሺ። ከሁለቱ አንዷ ትቅረብልኝ።»

«ዳማ ትቅረብ። ቦራ ትራገጣለች።»

ቦራ ተራግጣ አታውቅም። ይስሃቅ ግን የዳማን ጅራት ቀና አደረገ፣ ደሙን ቀዳ፣ ብልቃጡ ላይ አርባ ሰባት ብሎ ጻፈ። አኮ ፈናንን አዩ፤ ቀጥለው ይስሃቅን አዩ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም አሉ። ሲወጡ ይስሃቅ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ «ጎበዝ ነሽ፤ ያለ አንቺ ምን ይውጠኝ ነበር» አላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

በጥር መጨረሻ ውጤቱ መጣ። በሀጂራ ላም ላይ በሽታው ተገኘ። አርባ ሰባት ቁጥር ነጻ ነው። ቲቸር ፅዮን ወረቀቱን ተቀብላ ለአኮ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ ፈናንም ተረጎመች። ቲቸር እስከዚያ ቀን ድረስ ወተቱን አፍልታ ነበር የምትጠጣው። አኮ ይኼን ነገር አይወዱትም ነበር። በእነሱ ዘንድ ወተት እሳት ከነካው የላሟ ጡት ይቆስላል ይባላል። ደግሞም የወተት ዕቃው፣ ጮጮው፣ በወይራ ጭስ የታጠነ ስለሆነ በሽታ ድርሽ አይልበትም ብለው ያምናሉ፤ እናታቸውም የእናታቸው እናትም ያደረጉት ይኼንኑ ነው።

ይስሃቅ ሲሰናበት «ነጻም ቢሆን ማፍላት ጥሩ ነው» ብሎ ነበር። ቲቸር ግን መብራቱ በየቀኑ ይጠፋል፣ ከሰል ማያያዝ ጭሱ ያጥወለውላታል፣ አኮም የላሟ ጡት ይቆስላል እያሉ ይጨነቃሉ። በመጨረሻ ሳቀችና «ይሁን፣ ወረቀቱ ነጻ ካለ ነጻ ነው» አለች። ጆጉን ከፈናን እጅ ተቀብላ እዚያው ቆማ ጠጣችው። ከንፈሯ ላይ አረፋ ቀረ።

ፈናን ቆማ አየቻት። ባዶውን ጆግ ተቀብላ ወጣች።

*

ዓርብ የሳይንስ ፔሬድ ባዶ ነበር። ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ይጠልዛሉ። ሄኒና ፈናን የክፍሉ ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል።

«ቲቸር ነገ ልትሄድ ነው አሉ፣ ለዘላለም» አለች ሄኒ። «ሚኒስትሪ ሦስት ወር ቀርቶን ሳይንስ ማን ሊያስተምረን ነው? የስፖርቱን ቲቸር ያመጡልናል፣ እሱ ስለ ሴል ሲያስረዳ ዱብ ዱብ አሰኝቶ ይገድለናል።»

ፈናን አልሳቀችም።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ሰሞኑን ሙድሽ ልክ አይደለም።»

«ሄኒ፣ አንድ ነገር ብነግርሽ…»

ነገረቻት። ስለ ነሐሴው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አርባ ሰባት ቁጥር። ስትነግራት ሣር እየነጨች ስለነበር ፊት ለፊቷ ያለው መሬት ራቁቱን ቀረ። ሄኒ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መሃል ላይ አላቋረጠቻትም።

«አንቺ?» አለች በመጨረሻ። «አስኮርጂኝ ስልሽ ላብ በላብ የምትሆኚው አንቺ?»

«እኔ።»

«ለማን ነግረሻል?»

«ለአንቺ ብቻ።»

ሄኒ ዙሪያዋን አየች። «በቃ ዝም በይ። ስሚኝ፣ በናትሽ። ብትናገሪ ምን ይቀየራል? ልጁ እንደሆነ አይመለስም።»

«እሷስ?»

«እሷ ምን?»

«እሷ አሁንም ታማለች። ሐኪሙ ሊያውቀው ነበር። ሰረዘው።»

ሄኒ የተነጨውን ሣር በጫማዋ ገፋችው። ደወሉ ተደወለ። ሄኒ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና፣ ወደ ክፍል ሲገቡ ከወትሮው ራቅ ብላ ሄደች። ምናልባት ሳታስበው ነው። ፈናን ግን አየቻት።

*

ቤት ስትደርስ አኮ ደጅ ናቸው፤ የገለባውን ክምር ተገን አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው፣ ጮጮውን በወይራ ጭስ ያጥናሉ።

«ዛሬ ቀደም አልሽ» አሉ። «ምነው፣ አሞሽ ነው? ፊትሽ ገርጥቷል። ጫማሽም ረጥቧል፤ በወንዙ በኩል አትምጪ አላልኩሽም? አውልቂውና እግርሽን ከእሳቱ ዳር አድርጊ። ሹራብሽስ የት ሄደ?»

«አኮ፣ ለቲቸር ልነግራት ነው።»

አኮ ምኑን ብለው አልጠየቁም። ጮጮውን ከጭሱ ላይ አነሡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ቁጭ በይ» አሉ።

ፈናን አልተቀመጠችም።

«ያን ቀን ያልሽውን ሰምቻለሁ» አሉ አኮ። «አማርኛ አልናገርም እንጂ እሰማለሁ፤ ስንት ዘመን አሰላ ገበያ ወጥቻለሁ። ‹ስለ ዝናቡ ነው የሚያወሩት› አልሽው።»

ፈናን ጆሮዋን ማመን አቃታት። እነዚያን ወራት ሁሉ ብቻዋን የተሸከመችው መስሏት ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? በእንግዳ ፊት ልጄ ዋሽታለች ልበል?» አኮ የጮጮውን ክዳን ከፈቱት፣ መልሰው ገጠሙት። «ደግሞም እናትሽ ሄደች። ላሟም ትሂድ? ጽንስ የጣለች ላም ድሮም ነበረች፤ ወተቷም ታልቦ ተጠጥቷል፣ ማን ሞተ? ይኼን ብዬ ዝም አልኩ። በየካቲት ወተቱን ከእኔ ተደብቀሽ ማፍላት ስትጀምሪ ግን ያስወረዳት ወተቱ መሆኑን እንዳወቅሽ አወቅሁ። ከከብቶቹ በረት ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።»

«ዛሬውኑ ብነግራት…»

«ብትነግሪያት ምን ይሆናል? ነገ ባሏ ሲሰማ ልጄን የገደላችሁ ይለናል። ሰው ከደጃችን አይደርስም። የሀጂራን ላም ሲወስዷት አላየሽም? ቤቷ ነገር አልገባበትም፣ ምክንያቱም እውነቱን ተናግራለች። እኛ ግን ደብቀናል። እኔ ምን፣ ነገ እሞታለሁ። አንቺ ግን ገና አሥራ አራት ዓመትሽ ነው፤ ውሸታሟ የሚለው ስም ተሸክመሽው ትኖሪያለሽ። ባል ቤት ይከተልሻል። ሥራ ቤት ይከተልሻል። ልጄ፣ እኔ የምፈራው ለአንቺ ነው።»

«ሐኪም ደርሶበት ነበር፣ አኮ። ሰረዘው። ያሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

«ሆሳዕናም ሐኪም አለ።»

«እዚያም ላሞቹ ነጻ ናቸው ትላለች። እዚያም ይሰርዘዋል።»

አኮ ጮጮውን ጭናቸው ላይ አዞሩት። ካፊያው ጀመረ፤ ግን ሁለቱም ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

«እርስዎስ?» አለች ፈናን። «ወገብዎስ? ላቡስ? በየሌሊቱ ቀሚስዎን ሲቀይሩ አልሰማም መሰልዎት? እርስዎም ያው ነው ያለብዎት። ያን ቀን ራስዎ ጠይቂልኝ ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልጠየቅኩልዎት።»

«የእኔ ብርድ ነው።»

«ብርድ አይደለም።»

«ብርድ ነው አልኩሽ» አሉ አኮ፤ ግን ድምፃቸው ውስጥ ቁጣው አልነበረም። ጮጮውን ይዘው ለመነሣት ሞከሩ፣ አንድ ጊዜ አቃታቸው፣ ክምሩን ይዘው ተነሡ። «ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ሀጂራ ቤት ትሄጃለሽ። እህል በማበጠር ታግዢናለሽ። ማታ እንመለሳለን። እስከዚያ ድረስ ሄደዋል።»

ወደ ቤት ገቡ። ፈናን ሄዳ ቦራ አጠገብ ቆመች። ቦራ በሻካራ ምላሷ እጇን ላሰቻት። ፈናን አንገቷን አቅፋ ግንባሯን ነጩ ምልክት ላይ አስደገፈች፤ የላሟ ትንፋሽ ሞቃት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አዝና በመጣች ቁጥር፣ ግንባሯን ያሳረፈችው እዚችው ቦታ ነበር። ዛሬ ግን ልቧ አልተፈወሰም። እጇን ሄዳ በሳሙና ታጠበች። እየታጠበች አለቀሰች።

*

ቅዳሜ ጠዋት የመኪና ድምፅ ሰምታ ነቃች። በመስኮቱ አየች። አንዲት ነጭ ሚኒባስ ከበሩ ውጪ ቆማለች። ግዛቸው፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው፣ ከክፍሏ ፍራሽ እያወጣ ይጭናል። ቲቸር ፅዮን በሩ ላይ ወንበር ተሰጥቷት፣ በጋቢ ተጠቅልላ፣ መጻሕፍቷን በካርቶን ስትደረድር ትታያለች።

ፈናን ልብሷን ለበሰች። ከደብተሯ መሃል ያን ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት አወጣች። ከሥሩ የይስሃቅ ስልክ ቁጥር አለ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ሹራቧ ኪስ ከተተች።

ምድጃው ላይ የሆነ ነገር ይሸታል። የገነፈለ ወተት ሽታ ነው።

አኮ ምድጃው ዳር በርከክ ብለዋል። ድስት ጥደዋል፤ ወተቱ ድስቱ ዳር ዳር ላይ ፈልቶ ደርቋል። አኮ፣ በሕይወታቸው ወተት እሳት አስነክተው የማያውቁት አኮ፣ ያለ ልማዳቸው ሲያፈሉ እጃቸውን አቃጥለው ይሆን፣ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገዋል። ወተቱን ቀስ ብለው ወደ ጆጉ ገለበጡና ለፈናን ዘረጉላት።

«አፍልቼዋለሁ» አሉ። «በደንብ ነው ያፈላሁት። ሁለት ጊዜ። ለመንገዷ ይሁናት። ስጫትና ደህና ግቢ ብለሻት ነይ፤ ሌላ ምንም አትበዪ። ከአሁን በኋላ በየቀኑ አፈላዋለሁ፣ እምልልሻለሁ። የላሟ ጡት ቢቆስልም ይቁሰል። በቃ፣ ይኼ አይበቃም?»

ፈናን ጆጉን ተቀበለች። ጆጉ ሞቃት ነበር፤ ሙቀቱ መዳፏ ላይ ገባ። የአኮን ፊት አየች። ዓይናቸው ሥር ያበጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ አድረው ነው። ራሳቸው ላይ ያሠሩት ሻሽ ጫፉ በላብ ረጥቧል።

ከውጪ የግዛቸው ድምፅ መጣ። «ፅዮን፣ ይኼስ ካርቶን? የመጨረሻው ነው?»

ፈናን ጆጉን ምድጃው ዳር፣ መሬቱ ላይ፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ አስቀመጠችው። የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አጣፋች። ወደ በሩ ተራመደች።

«ፈናን» አሉ አኮ። «ወተቱን ረሳሽው።»

አልረሳችውም፤ አኮም ይኼን ያውቃሉ። ፈናን ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት በእጇ ጨብጣ፣ በሌላኛው ባዶ እጇ በሩን ከፍታ ወደ ቲቸር ፅዮን ወጣች።